ስለ አንዱ «ኦሮራ» ጠይቆ የሌላው «ኦሮራ» 840 ገጽ ደረሰው ሚባለው እውነት ነው?

ማታ_ተማሪ፦

ሰላም ለዚ ቤት ሰዎች። ሜሪላንድ ነው ምኖረው፣ ቀን ስራ፣ ማታ ደግሞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሳይበር ሴኪዩሪቲ እየተማርኩ ነው። ባለፈው ሳምንት አስተማሪያችን አንድ ነገር ጣል አድርጎ አለፈ፣ በ2014 በፈረንጅ አንድ ሰው ለሆምላንድ ሴኪዩሪቲ ፎያ፣ የመንግስት ወረቀት ይሰጠኝ ሚባልበትን ጥያቄ ማለት ነው፣ አስገብቶ ስለ ጉግል መጠለፍ ሲጠይቅ እነሱ ተሳስተው ስለ መብራት ጀነሬተር ሚያወራ 840 ገጽ ላኩለት አለን። ክፍሉ ተገርሞ አለፈ፣ እኔ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ፣ ፔፐሬንም በሱ ላይ ልሰራ አስቤያለሁ።

ፎያ ሲባል እኔ ማውቀው የእናቴን የኢሚግሬሽን ፋይል ጠበቃው ያወጣበትን ብቻ ነው። ለሳይበር ጉዳይም እንደዛው ይሰራል? ሲቲዝን አይደለሁም፣ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ስሜን ጽፌ እንደዚ አይነት ነገር ብጠይቅ ችግር ያመጣብኛል? ከሁሉም በላይ ሚያሳስበኝ ደግሞ መንግስት ስለ ድክመቱ የጻፈውን ወረቀት ለህዝብ መስጠቱ ሃከር ማስተማር አይሆንም ወይ? ሌሎች የተለቀቁ ፋይሎችም ከፍቼ አየሁ፣ ግማሹ ጥቁር ተቀብቷል፣ ጎኑ ላይ «ቢ5» «ቢ7ኢ» ምናምን ይላል፣ ሰው ይሄን አንብቦ ምን ይረዳል? የምታውቁ እስቲ አካፍሉኝ።

ፎያ_ፋይል፦

እህቴ የሰማሽው እውነት ነው። እኔ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ነው ምሰራው፣ ፎያ መጻፍ የየቀን እንጀራዬ ነው፣ የሳይበሩን ደግሞ ስለምወደው በትርፍ ሰዓቴ እከታተላለሁ።

ነገሩ እንዲ ነው። «ኦፐሬሽን ኦሮራ» ሚባለው በ2009 ከቻይና የተነሱ ሃከሮች ጉግል፣ አዶቢና ሌሎችም ብዙ ካምፓኒዎች ውስጥ የገቡበት ነው፣ ጉግል ራሱ ጃንዋሪ 2010 ላይ ይፋ አደረገው፣ ስሙን ያወጣለት ማክአፊ ሚባለው የሳይበር ደህንነት ካምፓኒ ነው። ሌላ ደግሞ የሆምላንድ ሴኪዩሪቲ «ኦሮራ» አለ፣ በ2007 አይዳሆ ናሽናል ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ትልቅ ጀነሬተር በኮምፒውተር ትእዛዝ ብቻ ያወደሙበት ሙከራ። ሁለቱን ሚያገናኛቸው ስማቸው ብቻ ነው። ጠያቂው መክሮክ በሚባለው ድረ ገጽ በኩል ስለ መጀመሪያው ጠየቀ፣ ጁላይ 2014 ላይ ስለ ሁለተኛው ተላከለት። መክሮክ ደግሞ የመጣለትን መልስ ለማንም ክፍት አድርጎ ነው ሚያስቀምጠው፣ በዛው ወጣ።

ስለ ስምሽ አትጨነቂ። ሕጉ «ማንኛውም ሰው» ነው ሚለው፣ ሲቲዝን ግሪን ካርድ ቱሪስት አይልም፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎም ማስገባት ይቻላል። ለምን እንደፈለግሽው መናገርም አይጠበቅብሽም። አንድ ነገር ግን እወቂ፣ ማን ምን ጠየቀ ሚለው መዝገብ ራሱ በፎያ ሊወጣ ስለሚችል ስምሽ እዛ ላይ ሊታይ ይችላል፣ እኔ ይሄን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ቀድሜ ነው ምናገረው። ስቴት ላይ ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው፣ ሜሪላንድ ለማንም ትሰጣለች፣ ድልድዩን ተሻግረሽ ቨርጂኒያ ከሄድሽ ግን ለራሷ ሰዎችና እዛ ለሚሰሩ ሚዲያዎች ብቻ ነው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2013 ይሄ መብቷ ነው ብሏል።

ገንዘቡም አያስፈራሽ። ማንም ተራ ሰው የመጀመሪያው 2 ሰዓት ፍለጋና 100 ገጽ በነፃ ነው። አንቺ ተማሪ ስለሆንሽ ከዛም ይሻላል፣ በ2016 የዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት ለትምህርቱ ብሎ ሚጠይቅ ተማሪ እንደ ትምህርት ተቋም ይታያል ብሎ ስለወሰነ የፍለጋ ክፍያ አይመለከትሽም፣ ደብዳቤሽ ላይ ግን ጻፊው፣ ካልጻፍሽ ማንም አያስታውስልሽም። መልስ በ20 የስራ ቀን ነው ይላል ሕጉ። በተግባር እኔ ዓመት ከመንፈቅ የጠበቅሁበት አለ።

አሁን ጥቁሩ። እያንዳንዱ ጥቁር ቦታ አጠገብ ያለው ኮድ በየትኛው ሰበብ እንደተሸፈነ ይነግርሻል። ቢ1 የብሔራዊ ደህንነት ምስጢር ነው፣ ቢ3 ሌላ ሕግ ከልክሎታል ማለት ነው፣ ቢ4 የካምፓኒ የንግድ ምስጢር፣ ቢ6 የግለሰብ ገመና። ቢ5 ማለት ቢሮው ውስጥ ገና ሲመካከሩበት የነበረ ሃሳብ ነው፣ ስለዚ ቢ5 የበዛበት ዶክመንት ስታዪ እዛ ጋ ክርክር ነበር ብለሽ ማሰብ ትችያለሽ፣ ማን ምን እንዳለ ባይታይም ክርክር እንደነበረ ግን ታይቷል። ቢ7ኢ የምርመራና የሕግ ማስከበር ዘዴ ነው፣ ሳይበር ፋይሎች ላይ ደጋግሞ ሚመጣው እሱ ነው። ይሄ ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው፣ ድሮ መስሪያ ቤቶች የደህንነት ነገር ሲሆን ቢ2 ሚባለውን አንቀጽ ነበር እየለጠጡ ሚጠቀሙት፣ በ2011 አንድ ሰው ዋሽንግተን ስቴት ባለ የባህር ኃይል ሰፈር የፈንጂ መጋዘን ቢፈነዳ ጉዳቱ እስከየት እንደሚደርስ ሚያሳይ ካርታ ጠይቆ ተከለከለና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 ቢ2 ስለ ሰራተኛ አስተዳደር ነው እንጂ ስለ ፈንጂ አይደለም አለ። ከዛ ወዲህ ያ በር ሲዘጋባቸው ወደ ቢ7 ዞሩ።

ጋሽ_ኮረንቲ፦

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ጀነሬተርና ሪሌይ (ማሽኑን ከጉዳት የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ) ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አሁን አትላንታ ልጆቼ ጋ ነው ያለሁት። ኮምፒውተሩን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ስለ ጀነሬተሩ ግን ትንሽ ልበል፣ ያንን ሳይረዱ ይሄን ነገር መፍረድ አይቻልም።

ወያላ በመሄድ ላይ ያለ ሚኒባስ ላይ ሲንጠላጠል አይታችኋል። መጀመሪያ ከጎኑ ይሮጣል፣ ፍጥነቱ ከመኪናው ጋር እኩል ሲሆን ነው እጁን የሚሰደው። ቆሞ ቢይዝ ትከሻው ይገነጠላል። ጀነሬተርም ከመስመር ጋር የሚገናኘው እንደዚያ ነው፣ መስመሩ ላይ ያለው ኮረንቲ አገር ቤት በሰከንድ 50 ጊዜ፣ እዚህ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የጀነሬተሩ ዙር ከዚያ ጋር እርምጃው ሲገጥም ነው ብሬከሩ የሚዘጋው፣ በኛ ቋንቋ ብሬከር ሲዘጋ ይገናኛል፣ ሲከፈት ይቋረጣል። አይዳሆ ላይ ያደረጉት ብሬከሩን መክፈት፣ ጀነሬተሩ ከመስመሩ ትንሽ እስኪያፈነግጥ መጠበቅ፣ ከዚያ መልሶ መዝጋት፣ እንደገና መክፈት፣ እንደገና መዝጋት ነው። 2.25 ሜጋዋት የሚሰጥ፣ 27 ቶን የሚመዝን የናፍጣ ሞተር ነበር። በያንዳንዱ መዝጋት ከመሠረቱ ይናጥ ነበር፣ ከመገጣጠሚያው የጎማ ቁራጭ እየተፈናጠረ ወጣ፣ ከዚያ ጭሱ መጣ፣ አለቀለት። ኮዱ 30 መስመር ገደማ ነበር። ሲኤንኤን ቪዲዮውን በሴፕቴምበር 2007 ለዓለም አሳይቶታል። እንግዲህ አስቡት፣ ዋናው ነገር ስህተቱ ከመፈጠሩ 7 ዓመት አስቀድሞ ሜዳ ላይ ወጥቶ ነበር።

አሁን ለምን ልቤን እንደሚነካኝ ልናገር። ወጣት ሳለሁ የምሰራበት ጣቢያ ላይ አንድ ባልደረባችን በሌሊት ፈረቃ፣ ደክሞት፣ እርምጃው ሳይገጥም ብሬከሩን ዘጋው። የማሽኑ ዘንግ ተጣመመ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ምርመራ ተደረገ፣ ጥሩ ሪፖርት ተጻፈ፣ ምን እንደጎደለ፣ የትኛው ሪሌይ በሽቦ ታልፎ እንደተቀጠለ ሁሉ ተጽፎበታል። ሪፖርቱ ግን የአለቃው መሳቢያ ውስጥ ገባ፣ ምስጢር ነው ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ጣቢያ ላይ ያው ነገር፣ ያው ሪሌይ፣ በዚያው መንገድ ታልፎ። በዚያኛው ጊዜ አንድ ልጅ እጁን አጣ። ያንን ልጅ እኔ አውቀው ነበር። ወረቀቱ ከመሳቢያ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ማንም ጠላት ምንም አይጠቀምም ነበር፣ ያ ልጅ ግን ዛሬ ሁለት እጅ ይኖረው ነበር።

ኔትወርክ_ሰው፦

ጋሼ ያሉት በጣም ነው የነካኝ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጥዎት። እኔ ግን በሌላ በኩል ያለውን ልበል ምክንያቱም የአንድ ከተማ ውሃ አገልግሎት ኔትወርክ ነው ምጠብቀው።

ሙከራው በ2007 ታይቷል ማለት 840 ገጹም ምንም አይደለም ማለት አይደለም። በጊዜው ብዙ የተጻፈው 840 ገጹ ውስጥ ካሉት ስላይዶች ጥቃቱ የት የት ቢያርፍ እንደሚጎዳ ቦታ የጠቀሱ ስለነበሩ ነው። ፊዚክስ አንድ ነገር ነው፣ አድራሻ ሌላ። እኛ ጋ ያለ አንድ መሳሪያ ድክመት ዛሬ ቢታወቅ ነገ ልቀይረው አልችልም፣ በጀት ይጠየቃል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ውሃ ሚቋረጥበት ሰዓት ይፈለጋል፣ ሁለት ዓመት ይሄዳል። በዛ ሁለት ዓመት ውስጥ የኛ ስም ያለበት ወረቀት ኢንተርኔት ላይ ቢወጣ እኔ እንቅልፍ የለኝም።

ለዛም ነው ሕጎቹ የወጡት። በ2002 ካምፓኒዎች በፈቃዳቸው ለመንግስት ሚሰጡት የመሠረተ ልማት መረጃ በፎያ እንዳይወጣ ተደረገ፣ በ2015 ደግሞ ወሳኝ የኤሌክትሪክ መሠረተ ልማት መረጃ ሚባለው ላይ ያው ተደረገ፣ በዛው ዓመት የሳይበር ስጋት መረጃ መጋራት ላይም እንደዛው። እህቴ ቢ3 ብለሽ ምታዪው ብዙ ጊዜ ከጀርባው እነዚ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር ግን እኔንም ሚከነክነኝ አንድ ጉዳይ አለ። ጃንዋሪ 2019 የኤሌክትሪክ አስተማማኝነትን ሚቆጣጠረው ኔርክ አንድን ካምፓኒ በ127 የሳይበርና የጥበቃ ጥሰት 10 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ፣ የካምፓኒው ስም ግን በይፋ አልተጻፈም። ሰዎች ፌርክ ለሚባለው የመንግስት የኢነርጂ ኮሚሽን ፎያ እያስገቡ የተቀጪዎችን ስም መጠየቅ ጀመሩ፣ የተወሰኑት ወጡም። ከዛ በ2020 ሴፕቴምበር ላይ ሁለቱ ተቋማት ከእንግዲህ የአጥፊዎቹን ስምም ዝርዝሩንም አንሰጥም አሉ። ያልተጠገነ ቀዳዳ ይደበቅ እላለሁ፣ ከተጠገነ በኋላም ስም መደበቁን ግን ለማን ብዬ ልከራከርለት? ቢል ሚከፍለው ህዝብ ነው።

ከቦሌ፦

አገር ቤት ያላችሁም እወቁ፣ እኛም ጋ ሕጉ አለ፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000። የመረጃ ክፍሉ በኋላ በወጣው የሚዲያ አዋጅ አልተሻረም፣ ተጠያቂው መስሪያ ቤት በ30 ቀን መልስ መስጠት አለበት፣ ካልሰጠ እንባ ጠባቂ ተቋም ጋ ይኬዳል። እኔ አንዴ ጠይቄ በእጄ በጽሁፍ መልስ አግኝቻለሁ፣ ሳይበር ባይሆንም። ሰው ስለማይጠይቅ ነው።

ፎያ_ፋይል፦

ኔትወርክ ወንድሜ የሁለት ዓመቱን ነገር በደንብ ነው ያስቀመጥከው፣ አድራሻ ላይ ከአንተ ጋ ነኝ፣ ያ ስላይድ ቢሸፈን እኔም አልቃወምም። ግን ፎያ ሳይበር ላይ ያመጣውን ነገር ሳየው ትልቁ ጥቅም አድራሻ ላይ አይደለም፣ መንግስት እንዴት እንደሚወስን ማወቁ ላይ ነው።

ለምሳሌ ኤፕሪል 2014 ላይ ሃርትብሊድ ሚባለው የሶፍትዌር ቀዳዳ ሲወጣ የስለላ ድርጅቱ ኤንኤስኤ ቀድሞ ያውቅ ነበር ተባለ፣ መንግስት አላውቅም አለ፣ በዛው ግን ቀዳዳ ስናገኝ ለካምፓኒው እንንገር ወይስ ለራሳችን እናስቀምጥ ብለን ምንወስንበት አሰራር አለን አለ። ማንም አይቶት ማያውቅ አሰራር። ኢኤፍኤፍ ሚባለው የመብት ድርጅት ፎያ አስገባ፣ አልሰጥ ሲሉት ጁላይ 2014 ላይ ከሰሰ፣ በ2015 ጥቁሩ የበዛበት ኮፒ ወጣ፣ ጃንዋሪ 2016 ላይ ጥቁሩ የቀነሰበት። በ2017 ኖቬምበር ዋይት ሃውስ ራሱ አዲሱን መመሪያ አተመው፣ የትኞቹ መስሪያ ቤቶች ጠረጴዛው ላይ እንደሚቀመጡ ሁሉ። ሃከር በዛ ተጠቀመ ሲባል አልሰማሁም፣ እኛ ግን ስልካችን ላይ ስላለ ቀዳዳ ማን ተቀምጦ እንደሚመክር አወቅን። እህቴ ፔፐርሽ ላይ ይሄን ሁለቱን ኮፒ ጎን ለጎን አድርገሽ ብታነቢ ከ840 ገጹ በላይ ትማሪያለሽ፣ በመጀመሪያው ላይ ጥቁር የነበረው በሁለተኛው ሲከፈት ያን ያህል ሚያስፈራ ነገር እንዳልነበረበት ራስሽ ታዪዋለሽ።

ሌላው ናሽናል ሴኪዩሪቲ አርካይቭ ነው፣ ስሙ የመንግስት ይመስላል ግን ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ የግል ተቋም ነው፣ ከ1985 ጀምሮ ፎያ ሲያስገባ የኖረ። ሳይበር ቮልት ሚባል ስብስብ አላቸው። ጃንዋሪ 2020 ላይ የአሜሪካ የሳይበር እዝ በአይሲስ የኢንተርኔት ሚዲያ ላይ ስላደረገው ዘመቻ፣ ግሎዊንግ ሲምፎኒ ሚባለው፣ የእዙን የራሱን ግምገማ በፎያ አውጥተው አስቀመጡ። ለአንቺ ዲሲ ማለት ባቡር ነው።

ሁሌ አይሳካም ደግሞ። ኤፍቢአይ ሳን በርናርዲኖ ላይ ተኩስ የከፈተውን ሰው አይፎን ለማስከፈት ስንት ከፈለ ብለው ሦስት ሚዲያዎች ከሰው ነበር፣ በ2017 ፍርድ ቤቱ ዋጋውም የሻጩም ስም ይደበቅ አለ። አንዳንዴም መኖሩንም አለመኖሩንም አናረጋግጥም ሚል ደብዳቤ ይመጣል፣ ግሎማር ይሉታል፣ በ1970ዎቹ ሲአይኤ ስለዚህ ስም ስላላት መርከብ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ስለነበር ነው። ቢመጣብሽ አትደንግጪ፣ ለይግባኝ ቢያንስ 90 ቀን አለሽ፣ ይግባኝ ደግሞ ጠበቃ አይፈልግም፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

ማታ_ተማሪ፦

እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ጋሼ ያወሩትን ለአስተማሪዬ በእንግሊዝኛ ነገርኩት፣ ዝም ብሎ ቆየ።

ሃሳቤን ቀየርኩ። ፔፐሬ ስለ 840 ገጹ ብቻ አይሆንም፣ ራሴ አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። ዲሴምበር 23 2015 ላይ ዩክሬን ውስጥ ሃከሮች መብራት አጥፍተው ወደ 225,000 ደምበኛ ጨለማ ውስጥ ገባ አይደል፣ ከዛ የአሜሪካ ባለሙያዎች ሄደው አይተው ተመልሰው በ2016 እዚህ አገር ላሉ የመብራት ካምፓኒዎች በየከተማው እየዞሩ ገለጻ ሰጡ። እኔ ምፈልገው ያን ገለጻ ነው፣ ምን ብለው እንዳስጠነቀቁ። እንደዚ ብዬ ጻፍኩ፦ «ስለ ዩክሬን የመብራት ጥቃት ያላችሁን መረጃ በሙሉ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ፣ ከጥቃቱ ምን ተማራችሁ?» በቂ ነው?

ፎያ_ፋይል፦

አይ አይ፣ እንደዚ ከላክሽው ወይ ዓመታት ይፈጃል ወይ «ግልጽ አይደለም» ብለው ይመልሱታል። «በሙሉ» ሚለውን አውጪው። «ምን ተማራችሁ» ሚለውንም አውጪው፣ ፎያ ወረቀት ይሰጣል እንጂ ለጥያቄ መልስ አይሰጥም፣ የሌለ ወረቀትም አይጽፉልሽም። ደግሞ ያኔ ስራው የነበረው ኤንፒፒዲ ሚባለው የሆምላንድ ሴኪዩሪቲ ክፍል ስር ነው፣ ያ ክፍል በኖቬምበር 2018 ሲሳ ሚባለው የሳይበር ደህንነት መስሪያ ቤት ሆኗል፣ ስለዚ ለሲሳ ላኪው ግን የድሮውንም ስም ጻፊው፣ ካልጻፍሽው አዲሱን ስም ብቻ ፈልገው አላገኘንም ሊሉሽ ይችላሉ። የኦሮራውን አስታውሺ፣ ስም ነው ያሳሳታቸው። አይሲኤስ ሰርት ደግሞ ያኔ በመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች ላይ ሚደርሰውን ጥቃት ሚከታተለው ቡድን ነው። እንዲ አድርጊው፦

«ከጃንዋሪ 1 2016 እስከ ዲሴምበር 31 2016 ድረስ የያኔው ኤንፒፒዲ፣ በተለይ አይሲኤስ ሰርት፣ በዲሴምበር 2015 በዩክሬን የኤሌክትሪክ አከፋፋዮች ላይ ስለደረሰው የሳይበር ጥቃት ለአሜሪካ የኤሌክትሪክ ካምፓኒዎች በሰጠው ገለጻ የተጠቀመባቸው ስላይዶችና የተሰብሳቢዎች አጀንዳ። የካምፓኒ ስምና የተወሰነ ቦታ አድራሻ አልጠይቅም። ጠያቂዋ ተማሪ ነኝ።»

አድራሻ አልጠይቅም ሚለውን ለኔትወርክ ወንድማችን ብዬ ነው ያስገባሁት፣ ስራውንም ያፈጥንልሻል፣ ሚቀባ ጥቁር ይቀንሳል።

ኔትወርክ_ሰው፦

አመሰግናለሁ። በዚ መልኩ ከሆነ እኔም ሲመጣ ማንበብ እፈልጋለሁ፣ ለኛም ያስፈልገናል።

ጋሽ_ኮረንቲ፦

ልጄ አንድ ቃል ጨምሪበት፣ «ብሬከር» የሚለውን። ዩክሬን ላይ ከሩቅ ሆነው በየሰብስቴሽኑ (የመብራት ማከፋፈያ ጣቢያው) የከፈቱት ብሬከሩን ነው፣ መልሰው ሳይገጥም አልዘጉትም እንጂ እጃቸው እዚያው ላይ ነበር። ስላይዱ ላይ ብሬከርን ከሩቅ ስለማዘዝ ምን እንደመከሩ ማየት እፈልጋለሁ።

ማታ_ተማሪ፦

ጨመርኩት ጋሼ፣ «የብሬከር የርቀት ቁጥጥርን ጨምሮ» ብዬ። አሁን ላክሁት፣ የመከታተያ ቁጥርም መጣልኝ። 20ውን የስራ ቀን ካላንደሬ ላይ ምልክት አድርጌያለሁ፣ ምንም ይምጣ ምን፣ ጥቁርም ቢሆን፣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።